ለእንግዳ የሚነሱ እግሮች

ስለ ስደት የሚጽፍ ሁሉ የወጣበትን ሌሊት ነው የሚያወራው። እኔ ምን ላድርግ፣ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ከኮምቦልቻ እስከ አዲስ አበባ በሚኒባስ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ ለዚያውም ጅዳ የሚሠራው አባቴ በላከልን የቤተሰብ ቪዛ። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ጀልባ አላየሁም። አክስቴ በሶና ቆሎ የሞላውን ሻንጣ እየዘጋች "ይቺ ደግሞ ስደተኛ ተብላ!" ትለኝ ነበር። ቢሆንም ሚኒባሱ ሐርቡ ከተማን ሲያልፍ፣ አጠገቤ የተቀመጠችውን እናቴን እንዳላያት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ጅዳ ላይ ቀድሞ የተቀበለን ሙቀቱ ነው። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት የሚፈላ ድስት ክዳን ያነሱብን መሰለኝ። ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ቪዛዬን አየና መልሶ እኔን አየኝ።

"የማን ቤት ልትሠሪ ነው የመጣሽው?"

"አባቴ ቤት ነው የመጣሁት" አልኩት መድረሳ በተማርኩት አረብኛ።

"አባትሽ የማን ሾፌር ነው?"

"የአውሮፕላን መካኒክ ነው።"

"ማዳምሽስ?"

እናቴን በአገጬ አሳየሁት። "ማዳሜ ይቺ ናት።" አረብኛ የማትሰማው እናቴ ስሟ የተጠራ መስሏት በትሕትና እጅ ነሳችው። ሰውዬው እንደ መሳቅ ብሎ ማህተሙን መታልን።

ቤታችን ሳፋ የሚባል ሰፈር ነው። ሩዙን ለመድኩት፤ ለበን የሚሉት መጠጥማ ለእኛ አሬራ የአክስት ልጅ ነው። አንድ የግል ኮሌጅ ገብቼም ፊዚዮቴራፒ መማር ጀመርኩ። ለአክስቴ በስልክ ሳስረዳት "የታመመ እግርና እጅ መልሶ እንዲሠራ ማድረግ" ብላት፣ "ወጌሻ ልትሆኚ ነዋ!" አለች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። "ወጌሻ እዚህ ጠፍቶ ነው ባሕር የተሻገረችው?" ይላሉ አሉ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ መካ፣ ሚስፈላ የሚባል ሰፈር አጠገብ ወዳለ የማገገሚያ ማዕከል ተመደብኩ። ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። በሴቶቹ ክፍል የመጀመሪያዋ ታካሚዬ እማማ ዘይነባ ነበሩ። የወሎዋ ሐይቅ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እዚያው ሚስፈላ አንድ ቤት ሲያበስሉ ኖረው ስትሮክ መታቸውና ግራ ጎናቸው ደከመ። ማዳማቸው ደግ ናት፣ አሳከመቻቸው። ትንሽ ሲሻላቸው በኹሩጅ፣ ላይመለሱ፣ አገራቸው ሊገቡ ነው።

"አንድ ነገር ብቻ ነው አላህን የምለምነው" አሉኝ። "በእግሬ እንደወጣሁ በእግሬ ልግባ። ልጆቼ ተሸክመው ከአውሮፕላን እንዳያወርዱኝ።"

ሰማኋቸው፣ አንጀቴን በሉት፣ ልረዳቸውም ቆርጬ ተነሳሁ። ችግሩም እሱው ነበር። ትልቅ ሰው ሊነሳ ሲያቃትት ቁጭ ብሎ የሚያይ ልጅ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ አሳዳጊ የበደለው ነው። እማማ ዘይነባ ገና ከወንበሩ ሊነሱ ሲሉ እጄ ሳላዘው ብብታቸው ሥር ይገባል። ጫማቸውን አጠልቃለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ ደግፌ እወስዳለሁ። እሳቸው ይመርቁኛል። ምርቃቱ ደግሞ ደስ ይላል፣ ምን ልበላችሁ።

የምትቆጣጠረን ግብጻዊቷ ደክቶራ ሃላ አንድ ቀን ቆማ አየችን።

"ማሻአላህ፣ ትልቅ መሻሻል አያለሁ" አለች።

"የእማማ?"

"ያንቺ! ክንድሽ ጠንክሯል። እሷማ እንደ ሩዝ ከረጢት እየተነሳች ነው። በዚህ ዓይነት ፍቅር ካከምሻት ከአውሮፕላኑም ተሸክመሽ የምታወርጃት አንቺ ነሽ። ኻላስ፣ በቃ፣ እጅሽን ከላይዋ አንሺ!"

ተናደድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ግን ሳስበው እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ መቆም ጀመርኩ። እማማ ዘይነባ ቅር አላቸው።

"ምን አጠፋሁ ልጄ? ተቀየምሽኝ?"

"ኧረ በአላህ እማማ! ሕክምናው ነው።"

"ቆሞ ማየት ነው ሕክምናው?"

ይሞክራሉ። ትንሽ ከፍ ይሉና እጄን ይጠብቃሉ፣ እጄ ሲቀር መልሰው ይቀመጣሉ። ጉልበቱ እግራቸው ውስጥ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን አያምኑም። የጉዞው ቀን እየቀረበ ሄደ። 

አንድ ጠዋት ታዲያ ሌላ ታካሚ ሊጠይቁ የመጡ፣ ምርኩዝ የያዙ አንዲት የሐረር አሮጊት በሩ ላይ ብቅ አሉ። "አሰላሙ ዐለይኩም" አሉ።

"ወዐለይኩሙ ሰላም!" ብለው እማማ ዘይነባ ብድግ አሉ። ያለ እኔ። ቆመውም በደህና እጃቸው ወንበራቸውን እያሳዩ "ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ" አሉ። መቆማቸውን ያወቁት የኔን የተከፈተ አፍ ሲያዩ ነው።

ደክቶራ ሃላ እየሮጠች መጣች። "ምን ብለሻት ነው?"

"ምንም አላልኩም። እንግዳ መጣ።"

"እንግዳ?"

"ለትልቅ ሰው ሳይነሱ መቅረት ነውር ነው፣ ደክቶራ።"

ትንሽ አሰበችና "ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ። "ያላ፣ እንግዳ አምጪ!"

እንዲህ ያለ ሕክምና በየትኛው መጽሐፍ እንዳለ እንጃ። እናቴን ከጅዳ ይዣት መጣሁ፤ ደጋግማ ወጥታ እየገባች ሰላምታ ስትሰጥ ዋለች። የጽዳት ሠራተኞቹ የሀገራችን ልጆች ተራ ገቡ። ማዳማቸውም መጣች፣ ደክቶራ ሃላ ራሷ በሩን አንኳኩታ ገባች። እማማ ዘይነባ ሁሉንም እየተነሱ ይቀበላሉ።

"አውቄባችኋለሁ" አሉኝ እየሳቁ። "ግን ሰው ገብቶ እንዴት ቁጭ ልበል?"

ከመነሳቱ በኋላ መራመዱ ብዙ አላስቸገረንም። የተጓዙ ቀን ጅዳ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሠራተኛው ተሽከርካሪ ወንበር ሲያቀርብላቸው "ሹክረን" ብለው አመስግነውት በምርኩዛቸው አለፉ። እጄን ዓባያዬ ኪስ ውስጥ ጨብጬ ቆሜ ነበር፣ አምልጦ እንዳይደግፋቸው። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ሀገር ደህና ነኝ፣ ትምህርቴን ልጨርስ ነው፣ እዚያው ማዕከልም ሥራ እንደሚሰጡኝ ነግረውኛል።

ባለፈው ጁምዓ ከሐይቅ ደወሉ።

"በእግርዎ ገቡ እማማ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ በእግሬ ወረድኩ። ልጆቼ አዩኝ።"

"እሰይ!"

"ከዚያ ወዲህ ግን መሬት አላስረገጡኝም። አገሩ ሁሉ ሊጠይቀኝ ይመጣል። ልነሳ ስል 'በአላህ አይነሱ!' ብለው ትከሻዬን ይዘው ያስቀምጡኛል። ውሃ እንኳ አፌ ድረስ ነው የሚያቀርቡልኝ። ዛሬ እግሬ ከበደኝ፣ ልጄ።"

"እምቢ ይበሏቸዋ!"

"ወዶኝ የመጣን ሰው? ዕድሜዬን 'ሐዲር፣ እሺ ማዳም' ስል ኖሬ እምቢታ ከየት ላምጣ? አንቺ ነይና ንገሪያቸው። እዚህ እንዳንቺ የሚያውቅ የለም።"

እመጣለሁ ልላቸው ፈለግኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ዋጥኩት። መቼም በዚያች ደቂቃ የሐይቅን መንገድ እንደናፈቅኩ ሌላ ነገር ናፍቄ አላውቅም።

በዚህ መሃል በስልኩ ውስጥ የሩቅ ድምፅ ተሰማኝ። "አሰላሙ ዐለይኩም" የሚል ሰው ገባ። ወንበር ተንፏቀቀ። ወዲያው ቤቱ ሙሉ ሰው "በአላህ! በአላህ አይነሱ!" ብሎ ተንጫጫ።

"ተዉኝ!" አሉ እማማ ዘይነባ። እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። "እጃችሁን ከላዬ አንሱ ብያለሁ!"

ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል፣ ብደውል አይነሳም። እኔ ሳፋ፣ ቤታችን ውስጥ፣ ሰላምታውን ስሰማ ብድግ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ይቁሙ አይቁሙ ሳላውቅ እንደዚያው ቆሜ ቀረሁ።