በቆሎ የተቀመጠባት ጀልባ

ጀልባዋን ያገኘኋት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነው። በመኪና በሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ተቀምጣ፣ ተሳቢውን ሣር ውጦታል። ሟቹ በወጣትነታቸው ከፈረንጆች ጋር ሸራ ወጥረው ሲወዳደሩባት የሚቀድማቸው እንዳልነበረ ሴትዮዋ ነገሩኝ። “ንፋስ ካገኘች ልጓም የላትም” አሉኝ። ማስጠንቀቂያ ነበር፤ እኔ ሞኙ ሙገሳ አድርጌ ሰማሁት።

በግራና በቀኝ ጎኗ ረጃጅም ሳጥኖች ነበሯት። ሴትዮዋ አናጺ አስጠርተው ላያቸውን አስቀድደው መዝጊያ አስገጥመውላቸው፣ አይጥ እንዳይደርስበት በቆሎ ያስቀምጡባቸዋል። ብልሃታቸውን አደነቅኩ። ምሳችንን የምንይዝበት ተገኘ ብዬ ገዛኋት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓደኛዬ ፒካፕ ጎትተን ቡሹሎ አካባቢ ሐይቁ ዳር አደረስናት። ባለቤቴም አብራን ነበረች፤ ዋና አትችልም። እሷ ከጓደኛዬ ጋር ስታወራ፣ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ወደ እኔ መጥተው ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩ።

“ልጄ፣ ይሄ እኮ ዝግ ነበር። አየር ይዞ፣ ብትገለበጥም እንዳትሰጥም ነው። አሁን ተከፍቶ ምን ያንሳፍፋታል? ንፋሱም እየመጣ ነው፤ ዛሬ ይቅርብህ።”

ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዕቃ ለምን እንደሚንሳፈፍ ገና በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ነበር። ያሉት እውነት መሆኑ ወዲያው ገባኝ። ግን በሰው ፊት በዓሣ አጥማጅ መታረም ሞት ሆነብኝ። “አያስቡ አባቴ” ብዬ ሳቅኩና ባለቤቴን እጇን ይዤ አሳፈርኳት።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ከዳር ራቅ እስክንል ሐይቁ ዝም ብሎ ነበር፤ እሷም እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሸራው በአንድ ጊዜ ተነፋና ጀልባዋ በጎኗ ተኛች። መዝጊያዎቹ ተበረገዱ፤ ውሃው ሳጥኖቹ ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ሰማሁት። ጀልባዋ ከሥራችን ሰጠመች። ሽማግሌው ነገሩ አላምር ብሏቸው በራሳቸው ጀልባ ተከትለውን ኖሮ፣ ባለቤቴን ፀጉሯን ይዘው አወጧት፤ እኔም ዋኝቼ ጀልባቸው ላይ ወጣሁ።

ዳር ላይ በጓደኛዬ ጃኬት ተጠቅልላ እየተንቀጠቀጠች፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“እንደምትሰጥም ታውቅ ነበር?”

“በፍጹም” አልኳት።

ሽማግሌው አጠገባችን ቆመው ሸሚዛቸውን ይጨምቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ወደ ባለቤቴ ስዞር ግን እሷ የምታየው እኔን ሳይሆን እሳቸውን ነበር።