በረኪና የበላው ጣት

በሩን ሲደበድቡት ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር ውስጥ፣ እንደኔው ከየአሠሪዎቻቸው ጠፍተው ከወጡ ሴቶች ጋር የምጋራው ክፍል ነው። ያን ሰሞን ፖሊስ ፎቅ በፎቅ እየፈተሸ መሆኑን ስለሰማን ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በአሠሪዬ በማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቷል፤ የማሳየው ወረቀት የለኝም። ትሪውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አንዱ ፖሊስ ትሪውን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛ ላይ አኖረና በሩን አመለከተኝ። ሩዙ እንዳይፈስ መጠንቀቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አውቶቡሱ ከጅዳ ወጥቶ የመካን መንገድ ሲይዝ አንዷ «ዑምራ ልናደርግ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። የሳቀላት የለም። ሹመይሲ እስር ቤት ስንደርስ መብራቱ የማይጠፋ ሰፊ አዳራሽ አስገቡን። ሴቶች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። የላብና የሕፃን ሽንት ሽታ ነበረው፤ ከሁሉም በላይ ግን በረኪና ይሸታል። በረኪናው አፍንጫዬ ሲደርስ ጣቶቼን ብብቴ ሥር ሸጎጥኩ።

የሸሸሁት ከኦብሑር፣ ባሕሩ ዳር ከሚገኝ ቪላ ነው። ማዳም ጓንት አትወድም ነበር፤ በጓንት የታጠበ ነገር የጸዳ አይመስላትም። መታጠቢያ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ የሐሙስ ማታ እንግዶች የሚቀመጡበትን በረንዳ በባዶ እጄ በበረኪና ስፈትግ ዓመታት አለፉ። እናቴ ታማ አገር ቤት ልሂድ ብዬ ስለምናት፣ ከዚህ ቤት ከወጣሽ ወርቄን ሰርቃ ጠፋች ብዬ አስመዘግባለሁ፣ ለአሻራ ጣትሽን ያሳረፍሽ ቀን ትያዣለሽ አለችኝ። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ በዚያው ሄድኩ። ወርቋን አልነካሁም። ግን ማን ያምነኛል?

ከአዳራሹ ወደ አገር የሚያስኬደው ደግሞ አሻራ ነበር። ማሽኑ ላይ ጣትሽን ታሳርፊያለሽ። ክስ ከሌለብሽ የጉዞ ወረቀት ይሠራልሽና አውሮፕላን ትሳፈሪያለሽ። ክስ ካለብሽ በሌላ በር ያወጡሻል። በዚያ በር ስትወጣ ያየናት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ነጠላ ጫማዋ እዚያው ቀረ፣ የሚያነሳውም ጠፋ። ስሜ እንዲጠራ እጸልያለሁ፤ መልሼ ደግሞ እንዳይጠራ እጸልያለሁ።

ከጎኔ ጠና ያሉ የወሎ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ከእሳቸው ወዲያ የሐዋሳ ልጅ አለች፤ አፏ አያርፍም። ሌሊት መገላበጤ እትዬን እንቅልፍ ነሳቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞሩና አገር ስንገባ ለዕረፍት ቀን ወዴት ነው የምንሄደው አሉኝ። አእምሯቸው የተነካ መስሎኝ ደነገጥኩ። የሐዋሳዋ ልጅ ግን ጥያቄው ለእሷ የቀረበ ይመስል፣ ሌላ ቦታ ብሎ ነገር የለም፣ ሐዋሳ ነው አለች። የአዲስ አበባዋ እኔ ስለሆንኩ እኔ ቤት ተገናኝተን ከዚያ በሚኒባስ እንሄዳለን ተባለ። ሐይቁን፣ ጀልባውን፣ ዓሣው ወጥቶ እዚያው ሲጠበስ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ለመልቀም ሰው መሀል ሲንጎራደዱ ነገረችን።

እትዬ ሥራ አከፋፈሉ። ሐሙስ ከሰዓት ልንነሳ ተስማማን። እሳቸው ሥጋውን ዘፍዝፈው ያድራሉ፣ ልጅቷ ከሰልና ምንጣፍ ትይዛለች፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። በረዶው በየትኛው ሣጥን እንደሚገባ ሳይቀር ተነጋገርን። ሁላችንም ሥራውን አሳምረን ስለምናውቀው ደስ አለን። ድንገት ግን የአዲስ አበባ ልጅነቴ ትዝ አለኝና፣

«ሐሙስኮ እኛ አገር የሥራ ቀን ነው» አልኩ።

ሐሙስ የማዳሞች የዕረፍት መግቢያ ነበር። ዕረፍት የሚባለውን ነገር የምናውቀው የሌላ ሰው ጓዝ ስንሸክፍ ብቻ ስለሆነ፣ የእነሱን ሐሙስ ከነከሰሉ ከነበረዶው ይዘን ሐዋሳ ልንወርድ ነበር። ሥራ ተከፋፈልን እንጂ ጀልባው ላይ የሚወጣ ሰው አልመደብንም። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ናቸው። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ወዲያው የብረት በሩ በዱላ ተመታ፤ አፋችንን በሻርፓችን አፈንን። እትዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንደ አዲስ ጀመሩ፦ ቅዳሜ ይሁን፣ ገዝተን እንበላለን፣ ዕቃ የሚያጥብ የለም።

በማግስቱ ስሜ ተጠራ። ወታደሩ ጣቴን እንደ ዕቃ ይዞ መስታወቱ ላይ ተጫነው። ማሽኑ ዝም አለ። ጣቴን በወረቀት ጠርጎ ደገመ፤ ሌላ ጣት ሞከረ፤ የግራ እጄንም። ጸሐፊው እጄን ሳብ አድርጎ አየውና ፊቱን አጨማደደ። ጣቴ ላይ መስመር የሚባል የለም። ተልጦ እንደ ተላጠ ድንች ልሙጥ ሆኗል፤ በረኪናው በልቶታል። እስኪድን ትቆይ ብሎ መለሰኝ።

ያኔ የገባኝ ፍርሃት እስከዚያ ቀን ከማውቀው ሁሉ ይብሳል። ጣቴ ካልዳነ አገሬ አልገባም። ከዳነ ደግሞ የማዳም ወርቅ ክስ ማሽኑ ውስጥ ይጠብቀኛል። የገዛ ቆዳዬ ማገገም ያስፈራኝ ጀመር። ሽንት ቤት ተራ ስጠብቅ ጣቴን ሸካራው ግድግዳ ላይ እፈትግ ነበር፤ ልቤ ግን ምን እንደሚሻ አላውቅም። አንድ ቀን የማዳምን ዛቻ የነገርኳቸው እትዬ ደረሱብኝ። እጄን ያዙና፣

«ወርቋን ወስደሻል?» አሉኝ።

«ወላሂ አልወሰድኩም።» እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ መሐላው ከማዳም ቤት ተጣብቆብኝ ነው።

«እንግዲያው ጣትሽ ይዳን፣ ልጄ። እሷ ለዋሸችው አንቺ ቆዳሽን አትገብሪ። የቀረውን አላህ ያውቃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሙና እንድነካ አልፈቀዱልኝም። ልብሴን ከልብሳቸው ጋር ያጥቡታል። ሩዝ ሲመጣ ሳህኑ ሥር የሚጠራቀመውን ቅባት በጣታቸው ሰብስበው ጣቶቼን አንድ በአንድ ያሹልኛል። የሐዋሳዋ ልጅ፣ እትዬ እሷን እንደ ዓሣ ሊጠብሷት ነው እንዴ ብላ ታሾፋለች። ቅባቱ ሲሰርግ ቆዳዬ መለስ ማለት ጀመረ፤ ስስ መስመሮች ወጡ። ባየኋቸው ቁጥር ጣቶቼን ቀሚሴ ውስጥ እደብቃለሁ።

ከዚያ ሁለቱም በአንድ ቀን ተጠሩ። አሻራቸው ንጹሕ ነበር። እትዬ ፌስታላቸውን አንጠልጥለው አጎንብሰው ሳሙኝና ጆሮዬ ላይ «ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ እንዳትይብኝ» አሉ። ቦታቸው ላይ ሌላ ሴት ተኛች። ማልቀስ እንኳ ፈራሁ።

እንደገና ስጠራ ግድግዳ ይዤ ሄድኩ። ወታደሩ ጣቴን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ እጄን ወደ ኋላ ሳብኩ። ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፤ አስቤው አልነበረም። ፊቱ ተለወጠ፤ ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። ጣቴን በቀሚሴ ጠረግኩና ራሴ መስታወቱ ላይ አሳረፍኩት። በማንም እጅ ተይዛ ሌባ የምትባል ሴት መሆን አልፈለግኩም። የሚሉኝን ይበሉኝ፤ ጣቱ የኔ ነው።

ማሽኑ ጮኸ። ጸሐፊው ስክሪኑን አየ። እኔ ዓይኔን ከዚያ ከሌላው በር ላይ አልነቀልኩም።

«ኸላስ። የላ፣ ሩሒ» አለ፤ ጨርሰሻል፣ ሂጂ ማለቱ ነው።

የተመዘገበ ክስ አልነበረም። ማዳም ምናልባት ረስታው ነበር፤ ምናልባትም ከመጀመሪያው ልታደርገው አላሰበችም። ሰዎች በዚያ ሰዓት ደስ ብሎሽ ይሆናል ይሉኛል። የተሰማኝ ንዴት ነው። ለእሷ አንዲት ቃል ነበረች፤ እኔ ግን ስንት ጊዜ ኖርኩባት።

ዛሬ ስልኬ በአሻራ ይከፈታል ይሉኛል፤ እኔ በቁጥር ነው የምከፍተው። ማሽን ፊት ጣት መዘርጋት እስከ አሁን አልለመድኩትም።

ሐዋሳ ግን ሄደናል። እንዳሰብነው ቶሎ አልሆነም፤ እትዬ ታመሙ፣ እኔ ሥራ አጣሁ፣ ከዚያ መንገዱ ተዘጋ ተባለ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሦስታችንም ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ዓሣችንን እንደጨረስን ሳላስበው ተነስቼ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመርኩ። እትዬ ቃል ሳይናገሩ ከእጄ ወስደው መልሰው አስቀመጧቸው። አስተናጋጁ መጥቶ አነሳቸው።

እኔም እጄ ባዶውን ስለቀረ ወደ ውሃው ወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም እጆቼን ከተትኳቸው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። የማጥበው ነገር አልነበረኝም።