ሰው አይቆጠርም

ወንድሜ ጀልባ የገዛ ጊዜ አባታችን፣ «ከመቼ ወዲህ ነው የጎንደር ነጋዴ ውሃ ላይ ሱቅ የከፈተው?» ብሎ ለስንት ቀን አኮረፈው። እውነቱን ነበር። ወንድሜ ዋና የሚባል ነገር አይችልም። ቢሆንም ጀልባውን ጎርጎራ ወስዶ አሰረና፣ አንድ ነጂ ቀጥሮ ምዕመናንን ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ማመላለስ ጀመረ። እኔ የምሠራው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ግን ከጎርጎራ አልቀርም፤ የማላውቀው ነገር ካለ ሆዴ አይችልማ! ወንድሜ ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣ «መርማሪዋ መጣች፣ አፋችሁን ያዙ» ይላል።

ከሁሉም በላይ የምመረምረው ነጂውን ነበር። የመካነ ብርሃን ሰው ነው፤ ደገኛ። አገሩ ላይ ከምንጭና ከጅረት በቀር ውሃ አያውቅም። እዚህ እንዴት እንደደረሰ ስጠይቀው፣ «እግሬ ነዋ ያደረሰኝ» አለኝና ሞተሩን መወልወሉን ቀጠለ። ዝም አይነቅዝም የሚሉት ለሱ ነው። አንድ ቀን ደግሞ፣ «ስንት ልጆች አሉህ?» አልኩት።

«እግዜር የሰጠኝ አሉ።»

«እሱማ ይስጥልህ። ስንት ናቸው ነው የምልህ።»

«ምነው እቱ፣ ልጆቼን ቆጥረሽ ለማን ልታስረክቢ ነው?» አለና ፊቱን አዞረብኝ።

እንዲህ ያለ መልስ እኔን ይብስ ነው የሚያነሳሳኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይኔን ጣልኩበት። ወላሂ፣ ሰውዬው ሰው አይቆጥርም! ተሳፋሪ ሲገባም ሲወጣም አንድ ሁለት ሲል ሰምቼው አላውቅም። ታዲያ እንዴት ነው አንድም ሰው ደሴት ላይ ጥሎ የማያውቀው?

ዘዴው ጫማ ነበር። ምዕመናኑ ገዳሙን በባዶ እግራቸው ስለሚሳለሙ፣ ገና ጀልባው ላይ ሳሉ ጫማቸውን አውልቀው በመግቢያው በኩል ይደረድራሉ። ሲመለሱ እያንዳንዱ የራሱን አንስቶ ያጠልቃል። ባለቤት ያጣ ጫማ ካለ ሰው ቀርቷል ማለት ነው፤ ሞተሩ አይነሳም። በቃ። ሳየው እጄን አጨበጨብኩ። እሱ ግን ምን እንዳስደነቀኝ እንኳን አልገባውም።

ውሃ ጠላቂዎች የመጡብን በበጋ ነው፤ ውሃው ትንሽ ጠራ ሲል። ከዳር ራቅ ብሎ ከሥር የሰመጠ የብረት ጀልባ አለ። ማን እንዳሰመጠው ከጠየቃችሁ ጎርጎራ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱ ወሬ አለው። አሠልጣኙ ድሮ ምጽዋ በጠላቂነት ያገለገሉ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ግን ያላረጀ ሰው ናቸው። እሱን ጠልቀው ሊያዩ አራት ተማሪዎች ይዘው ከአዲስ አበባ መጡና ጀልባችንን ተከራዩ። እኔማ መች ልቀር! ከሁሉም ቀድሜ ተሳፈርኩ።

አሠልጣኙ ከመነሳታችን በፊት ደንቡን ነገሩን። ማንም ብቻውን አይወርድም። ከመልህቁ ገመድ እጁን የሚለቅ የለም። «ጣና እንደ ቀይ ባሕር ጥልቅ አይደለም ብላችሁ እንዳትንቁት» አሉ። «ታች ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን አታዩትም። እዚያ ውስጥ ሰው ቢጠፋ ከላይ ያለ ሰው ነው የሚደርስለት። ስለዚህ ከመውረዳችን በፊትም ከወጣን በኋላም ቆጠራው የጀልባ ነጂው ነው። ገባህ ወይ?»

«ገብቶኛል አያ» አለ ነጂው። እኔም ጫማዎቹን አየሁና በሆዴ ሳቅሁ። በመግቢያው በኩል ሸራውም፣ ሸበጡም፣ የአሠልጣኙ ቆዳ ጫማም በሥርዓት ተደርድሯል።

ቦታው ስንደርስ ከድንጋይ ጋር የታሰረ ቢጫ ጀሪካን ለምልክት ጣሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ቀልደኛ ልጅ ነበር። የጎማ ክንፉን እግሩ ላይ ሲያጠልቅ «ዳክዬ ሆንኩልሽ» አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ እጄ ላይ አኖረው። «ያለሱ እናቴንም አላውቃት፤ አደራ» አለ። በሻርፔ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ተያይዘው ወረዱ። ውሃው ላይ አረፋ ብቻ ቀረ። እኔ ጫፉ ላይ ተደፍቼ አረፋውን ሳይ፣ ታች ምን ይሰማ ይሆን፣ ብረቱ ይቀዘቅዝ ይሆን እያልኩ ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላወቅሁም።

የከሰዓቱ ነፋስ ሳይታሰብ ተነሳ። ጀልባው መወዛወዝ ሲጀምር አሠልጣኙ አንዲቱን ተማሪ ደግፈው ብቅ አሉ፤ ጆሮዋን አሟት ታለቅሳለች። በኋላ እንደሰማሁት፣ የመነጽሩ ልጅ ተጣምሮ የወረደው ከሷ ጋር ነበር። እሷ ስትታመም አሠልጣኙ፣ ከሌሎቹ ሁለት ተማሪዎች ጋር ሆነህ ውጣ ብለው በእጃቸው አመልክተውት ነበር። ሁለቱ ወዲያው ተከትለው ወጡ። ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ሲመታ ሁሉም ጫማውን አጥልቆ፣ ፎጣ ተከናንቦ ተኮራመተ። አሠልጣኙ የልጅቷን ጆሮ እያዩ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ሁሉም አሉ?» ብለው ጮኹ።

ነጂው መግቢያውን አየ። አንድም ጫማ አልቀረም።

«ሁሉም አሉ አያ!»

መልህቁ ተነሳ፤ ሞተሩ አጓራ። ውሃ እየረጨን ትንሽ እንደሄድን ፊቴን ልጠርግ ሻርፔን ከቦርሳዬ ሳብኩ፤ መነጽሩም አብሮ ወጣ። ይህ ልጅ ምነው መነጽሩን አልጠየቀኝም ብዬ ዞር ስል፣ ያ አላህ! ልጁ የለም።

«ጀልባውን መልስ! ሰው ቀርቷል!» ብዬ የጮኽኩትን ጩኸት ዛሬም ጉሮሮዬ ያስታውሰዋል። ነጂው መጀመሪያ መግቢያውን ነበር ያየው። «ጫማ የለም እኮ» አለኝ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩ በኋላ ነው የተጣራው። ልጁ ጠዋት የአየር ሲሊንደሮቹን ሲጭን ጭቃው ጫማውን እንዳያበላሽበት ማደሪያው ትቶት፣ በባዶ እግሩ ነበር የተሳፈረው። የአዲስ አበባ ሰው፣ ጫማ እያለው፣ በባዶ እግሩ ይሄዳል ብሎ ማን ያስባል? የኛ ነጂማ በሕልሙም አላሰበው።

ስንመለስ ማዕበሉ ሁሉ ሰው ይመስለኝ ነበር። እኔ መነጽሩን ጨብጬ በሌላ በኩል ሳማትር፣ ሌሎቹ ናቸው ቢጫውን ጀሪካን ያዩት፤ ልጁ በሁለት እጁ አቅፎታል። ገመዱ አምልጦት ከጀልባው በሌላ በኩል ነበር የወጣው። የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጮኸ፤ ማን ይስማው! ድምፁ ሲርቅበት ደግሞ ወዴት እንደሄድን እንኳ ማየት አልቻለም። ጎትተን ስናወጣው ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ በመጀመሪያ ያለው «መነጽሬ» ነው። እኔ ሳለቅስ እሱ ሳቀ።

ዳር ስንደርስ ወንድሜ ወሬውን ሰምቶ ነጂው ላይ ወረደበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ እንኳ ለሁሉም የማይበቃ ጀልባ የሚያከራይ እሱ፣ ዛሬ ደንብ አዋቂ ሆነ። አሠልጣኙ ግን አስቆሙት። «ሁሉም አሉ ሲለኝ ቀና ብዬ ማየት የኔ ፋንታ ነበር። የወሰድኳቸው እኔ ነኝ» አሉ። ነጂው ሄዶ የውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ተከትዬው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ለአንዴ እንኳ ሳልጠይቀው እሱ ነው የጀመረው።

«እናቴ አንድ የመኸር ቀን እሸት ስታካፍለን፣ ደስ ብሏት፣ ጮክ ብላ ቆጠረችን። ክረምቱ ሳይገባ የሁላችን ታናሽ ወንድሜ ሞተ። እሷም ከዚያ ወዲህ የልጅ ቁጥር ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ከእኔም አፍ አልወጣ አለ፣ እቱ። ብቆጥራቸው የማጎድላቸው ይመስለኛል።»

እናቱ ስለቆጠረች አይደለም የሞተው ልለው አፌ ላይ መጣ። ተውኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ወንድሜ ሌላ ነጂ ሊፈልግ ነበር። ነጂያችንን ያዳነው የመነጽሩ ልጅ ነው፤ ጫማ አድርጎ መጣና ነጂው ፊት ቆመ። «ዛሬም እወርዳለሁ። ከሌላ ሰው ጋር ግን አልሄድም። አንተ ቁጠረኝ» አለው። ነጂው አማተበ።

ምልክቱ ጋ ስንደርስ፣ ጆሮዋ የተሻላትን ልጅ ጨምሮ፣ እያንዳንዱን ትከሻ ትከሻውን እየነካ ቆጠረ። አንድ ብሎ ያማትባል፤ ሁለት ብሎ ያማትባል። «አምስት» ሲል አሠልጣኙ ራሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ወረዱ። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ ገመዱን ያዘ፤ እስኪወጡ ድረስ አልለቀቀውም፤ እኔም አረፋውን ትቼ እሱን ነበር የማየው። አንድ ራስ ብቅ ባለ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። የመነጽሩ ልጅ መጨረሻ ወጣ፤ አምስተኛው። መነጽሩን አቀበልኩት።

ነጂው ሞተሩን አላስነሳም። ደገመና ቆጠራቸው፤ አምስቱም አሉ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና እንባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

«ያን ጊዜ የጠየቅሽኝ፣ ስድስት ናቸው፣ እቱ» አለኝ።

ስድስት ምን ብዬ አልጠየቅሁትም።