የዳለቲ አጥንትና የብሎካችን ጎመን

ንጋት፣ የካ አባዶ

ከኮንዶሚኒየማችን ስወጣ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ምድር ቤት የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ከደረጃው አጠገብ ጎመናቸውን ውኃ ያጠጣሉ። በዚህ ግቢ ሌላው ሰው የተከለው ሁሉ ይቀጭጫል፤ የእርሳቸው ጎመን ግን አንዱ ቅጠል ትሪ ያህላል። «እጄ ነው» ይላሉ። እኛም ካመንን ቆይተናል።

የሚኒባሱ ሰልፍ ጥግ ድረስ ዞሯል። ከፊቴ የቆመው ጎረቤቴ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ፤ እንጦጦ ሥር የላም ራስ ቅል ለማየት ነው አልኩት።

«ሥጋው ሳያልቅ አትደርስም ነበር?» አለኝ።

ጉርድ ሾላ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው እንቅልፉን ቀጠለ፤ እኔም።

መገናኛ

ሰላማዊት የበረዶ ሣጥን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ እኔ ጋዜጣ ላይ ስጫጭር እሷ የከብት ዘረመል ተመራማሪ ሆነች። ሥራዋ ከጥንት አጥንት ዲኤንኤ አውጥታ ዛሬ በሕይወት ካሉት ከብቶች ጋር ማስተያየት ነው። የፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ ረዳት ሣጥኑን አይቶ «ክትባት ነው?» አላት።

«ባዶ ነው።»

«እንግዲያው ሂሳብ አይከፍልም፤ ጭንሽ ላይ ያዢው።»

ስለምንሄድባቸው ሰው የነገረችኝ ሽቅብ ስንወጣ ነው። ጋሽ ጉታ ድሮ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከብቶቻቸውን ሸጠው ከልጃቸው ጋር እንጦጦ ሥር ገቡ። ይዘው የመጡት የአንዲት ላም ራስ ቅል ነው። ዳለቲ ትባላለች፤ እናታቸው ሲዳሩ የተሰጠቻቸው ግራጫ ላም ናት። ዘሯ ከእናት ወደ ጥጃ እየወረደ በረቱን ሲሞላ ኖሯል። ከዓመታት በኋላ ጋሽ ጉታ ካራ የከብት ገበያ ላይ አንዲት ግራጫ ላም አዩ። «የዳለቲ ልጅ ልጅ ናት» ብለው ገዟት። አሁን የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነት የእሷ ዘር መሆኗን ማወቅ።

«ይታወቃል?» አልኳት።

«ከእናት ብቻ የሚወርድ የዲኤንኤ ክፍል አለ። ከአጥንቱ ካወጣሁ ከላሟ ጭራ ፀጉር ጋር አስተያየዋለሁ። ካወጣሁ ነው።»

ረፋድ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ

ታክሲው ከሚያቆምበት ፉል በላን። ቃሪያው ያቃጥላል፣ ዳቦው ካምናው አንሷል። ከዚያ በእግር፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የሸክላ ማሰሮ የሚሸጥበት ጥግ፣ ቁልቁል የሚወርድ ቦይ፣ ከላይ ባሕር ዛፍ። ሰላማዊት ሣጥኗን አላስይዝም አለች።

ጋሽ ጉታ ነጭ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። ልጃቸው ጫልቱ ወንበር አወጣች። ከዚያ ሽማግሌው በሁለት እጃቸው፣ በንጹሕ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡና ገለጡት። ራስ ቅሉ እንደ አዲስ ሲኒ ያበራል።

ሰላማዊት ክው አለች። «ጋሼ፣ ምን አደረጉት?»

«በስልክ በእጅ እንዳይነኩት አላልሽኝም? እኔም አፈርኩ። ስንት ዓመት ጢስና አቧራ ጠጥቶ የኖረ ነገር ለተማረ ሰው እንዴት ይሰጣል? ቀቀልነው። ከዚያ ጫልቱ በረኪና ውስጥ አሳደረችው።»

«ሁለት ጊዜ» አለች ጫልቱ፣ ኮራ ብላ።

በእጅ እንዳይነካ የተባለው የሰው ዲኤንኤ እንዳይገባበት ነበር። መቀቀልና በረኪና ደግሞ የላሟንም ጠራርጎ የሚያጠፋ ነው። ሰላማዊት ይህን ቀስ ብላ፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ስታስረዳ ጋሽ ጉታ ራስ ቅሉን መልሰው ጠቀለሉት። ጫልቱ ወደ ጓዳ ገባች፤ ለጥቂት ጊዜ አልተመለሰችም። እኔ ለመጻፍ የመጣሁት ሰውዬ እንኳ የማየው ቦታ አጣሁ፤ አሳዘኑኝ።

ላሟ ከቤቱ ጀርባ ናት። «ኮቱ፣ ዳለቲ» ብለው በአሮጊቷ ስም ጠሯት፤ በኦሮምኛ ነይ ማለታቸው ነው። ሰላማዊት ጓንት አጥልቃ ከጭራዋ ፀጉር ነቀለች።

«ከራስ ቅሉ፣ ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት ጠጣር ነው፤ ውስጡን እሞክረዋለሁ። ግን ተስፋ አልሰጥዎትም» አለቻቸው። ከዚያ እንደ ማጽናኛ ጨመረች፤ «አንዳንዴ እኮ አፈርም ይይዛል። ከብት ለብዙ ዘመን ያደረበት መሬት ከእበቱና ከሽንቱ ትንሽ ነገር ያስቀራል።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ። የበረቴን አፈር ነው የምትዪኝ?»

«የት እንደነበር ያውቁታል?»

«በረቴን?» አሉና ጫማቸውን ሊቀይሩ ገቡ።

ከሰዓት በኋላ፣ መልስ

የጠዋቱን መንገድ ወደ ኋላ፣ ሽማግሌው እየመሩን። ጋሽ ጉታ መስኮት ሥር ተቀምጠው ፎቅ አይቆጥሩም፤ የሚያዩት ጋራውን ነው። የካ አባዶ ስንወርድ ጋራውን በቀኝ ትከሻቸው አድርገው፣ አንዲት አሮጌ ሾላ ፈልገው አገኙና ከእሷ ቁልቁል መሄድ ጀመሩ። ተከተልናቸው። የማውቀው ሱቅ፣ የማውቀው የውኃ ታንከር፣ የማውቀው ደረጃ። እትዬ ዘነበች ጎመን ፊት ቆሙ።

«እዚህ ነበር» አሉ።

ግንባታው ያልቆፈራት ጠርዝ ይህችው ናት። የምኖረው በሰውዬው በረት ላይ መሆኑን በዚያች ደቂቃ አወቅሁ።

እትዬ ዘነበች ሰላማዊት ስትቆፍር አይተው እየጮኹ ወጡ። ነገሩን ስናስረዳቸው ጎንበስ ብለው ጎመናቸውን አዩ። ከዚያ፦

«ታዲያ ጎመኑ በእጄ አይደለም በሉኛ!»

«እጅዎም አለበት» አሉ ጋሽ ጉታ። «ዳለቲም አለችበት።»

ሰላማዊት አፈሩን በትንንሽ ብልቃጥ ዘግታ ሣጥኑ ውስጥ ከተተች። ወራት ይፈጃል፣ ምንም ላይገኝም ይችላል አለች። እትዬ ዘነበች ቢላ አምጥተው ትልልቁን ቅጠል ቆረጡና አስረው ለሽማግሌው ሰጧቸው። «የራስዎ ነው፤ ይቀቅሉት።»

«አልበላውም፤ ለላሟ ነው። ዘሯ ከሆነች ታውቀዋለች።»

በማግሥቱ ማለዳ

ስልክ ደወለ። ጋሽ ጉታ ናቸው። ድምፃቸው ተቀይሯል።

«በላችው! ግንዱን እንኳ አላስቀረችም!»

ጎመን የማትበላ ላም አይቼ አላውቅም። በመስኮት ቁልቁል አየሁ፤ እትዬ ዘነበች ውኃ እያጠጡ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ጋሼ» አልኳቸው።