ጋሽ ከድር ያቆዩልን የአርብ ምሳ

የአምቦው ልብስ ሰፊ ጋሽ ከድር ባለፈው ረቡዕ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። እንደ ወትሯቸው በጧት ሱቃቸውን ከፍተው፣ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ሳለ ደረታቸውን አመማቸው፤ ሆስፒታል ከደረሱም በኋላ ብዙ አልቆዩም። እኔ ጊንጪ፣ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ የደወለልኝ ከእሳቸው ዘንድ አብሮኝ ሙያ የተማረው፣ እስከ ዛሬም እዚያው የሚሰፋው ገመቹ ነው። «ጋሼ...» ብሎ ሳይጨርስ ገባኝ። ባገኘሁት ሚኒባስ አምቦ ስደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ሱሪ ላሳጠሩላችሁ፣ የሙሽራ ልብስ ለሰፉላችሁ፣ ይልቁንም ከእጃቸው ሙያ ለቀሰማችሁ። ስለ መቀሳቸው ሌላ ሰው ይጻፍ፤ ከተማው የሚመሰክርላቸው ነው። እኔ የምጽፈው ገንዘብ መያዝን እንዴት እንዳስተማሩን ነው።

ጋሽ ከድር ከደቡብ መጥተው አምቦ ላይ ወልደው ከብደው የኖሩ ሰው ናቸው። ኦሮምኛ እንደ እኛው ይናገሩ ነበር፤ አልፎ አልፎ የአገራቸው ቅላጼ ሲያመልጣቸው እኛ እንስቃለን፣ እሳቸውም ይስቃሉ። መልአክ ነበሩ አልልም። ካውያ ሳይነቅል የወጣ ሰው ከእሳቸው ምላስ አያመልጥም። እኔ ከጎጆ ከተማ የመጣሁት የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልሳካልሽ ብሎኝ ነው፤ አምቦ ዳር እያረሰ ከሚኖረው አጎቴ ቤት ተጠግቼ ሱቃቸው ገባሁ። ያኔ ቁልፍ እንኳ በቅጡ መትከል አልችልም ነበር።

በዚያ ሱቅ አንድ ሥርዓት ነበር። ሰኞ ጧት ሁላችንም የአቅማችንን፣ ጋሼ ደግሞ ከሁላችን የበለጠ አዋጥተን ከቁርጥራጭ ጨርቅ በተሰፋች ቦርሳ ውስጥ እንከታለን። የሳምንቱ ምሳ የሚገዛው ከዚያች ቦርሳ ነው። የምትያዘውም በተራ ነው፤ ትናንት የገባ ልጅም፣ ጋሼ ራሳቸውም ተራ አላቸው። ታዲያ ገንዘቡ ሳምንቱ ሳይሞላ ካለቀ አይጨመርም። «አርብን ያላሰበ ሰኞን አይብላ» ይሉን ነበር። የእሳቸው ተራ ሲደርስ ግን እናዝን ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ ድንች ነው።

ገመቹ የመጀመሪያ ተራው በደረሰ ጊዜ ሊያስደስተን ብሎ ሰኞ ዕለት ሥጋ ቤት ሄዶ ጥብስ ይዞ መጣ። ሳህኑ ሲቀርብ ነው ጋሼ ሙስሊም መሆናቸው፣ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት የመጣ እንደማይበሉ ትዝ ያለው። ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን «ብሉ፣ ብሉ፣ ሳይቀዘቅዝ» ብለው ዳቦ በሻይ በሉ። ቦርሳዋ ረቡዕ ላይ ከቆሎ መግዣ በቀር ባዶ ሆነች። ሐሙስና አርብ ምሳችን ቆሎ ሆነ።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ የባለቤታቸው የወይዘሮ ዘይነባ ወጥ ይሸተናል። ገመቹ አላስችል ብሎት «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ ቤት ገብተው ይብሉ እንጂ» አላቸው። «ቦርሳው የሁላችን አይደል? ቆሎውም የሁላችን ነው» ብለው ከእኛው ጋር ቆረጠሙ። አልተቆጡትም። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አጠገባቸው አስቀምጠው ምስሩ፣ ዘይቱ፣ ዳቦው ለሳምንት ስንት እንደሚፈጅ ራሱ እንዲያሰላ አደረጉት። በሚቀጥለው ተራው ገመቹ አርብ ላይ ሻይ ጋበዘን፤ ኩራቱም ልክ አልነበረው።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። አጎቴ ኦቦ በቀለ ደግ ሰው ነው፤ አስጠግቶ አኑሮኛል። ነገር ግን ወር በገባ ቁጥር ሱቅ ድረስ እየመጣ ደሞዜን ይቀበል ነበር። ሳሙና ሲያምረኝ እሱን እለምናለሁ። ስንት እንደሚከፈለኝ እንኳ በደንብ አላውቅም ነበር። እንዲህ ሆኜ መቼ የራሴን የስፌት መኪና ገዝቼ እንደምሰፋ ሳስብ ልቤ ይጨልም ነበር።

አንድ ቀን ደሞዝ ሊቀበል ሲመጣ ጋሼ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁለት፤ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ልጆቹን እስኪበቃው ጠየቁት፤ ሻይም አስመጡለት። ከዚያ «ኦቦ በቀለ፣ ይህች ልጅ በዚህ ሳምንት የሁላችንን ምሳ ይዛለች። የእኔን ሆድ አምኜ ከሰጠኋት፣ የራሷን ደሞዝ ብናምናት ምን ይለናል?» አሉት።

«ኦቦ ከድር፣ ልጅ እኮ ናት» አለ አጎቴ። «ከተማ ያበላሻታል። እናቷ አደራ ብላኛለች።»

«አደራዎ ይገባኛል። ግን ነገ የራሷን ጎጆ ስትወጣ እኔም እርስዎም አብረናት አንሄድም። ስታጠፋም እዚሁ ዓይናችን ሥር ብታጠፋ ይሻላል።»

ደሞዜን በእጄ ሰጡኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለአጎትሽ ቤት ስንት፣ ለእናትሽ ስንት፣ ለራስሽስ ስንት? አንቺው ተናገሪ» አሉ።

አጎቴ ፊት ስለ ገንዘብ አፍ ከፍቼ አላውቅም፤ ከቤት ውጪ ቢለኝስ? ጋሼ አልረዱኝም። እንደምንም ሦስት ቦታ ከፍዬ ተናገርኩ። አጎቴ ሻዩን ጨረሰ። በመጨረሻ «የእናትሽን መላክ አትርሺ እንጂ...» ብሎ የቤቱን ድርሻ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲያ ለደሞዝ ሱቅ አልመጣም፤ እኔው ቤት ይዤለት እገባ ነበር። ዛሬ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ገንዘብ የምታውቀው ልጄ» ይላል።

የባንክ ደብተር ስናወጣ ጋሼ በሥራ ሰዓት ይዘውን ሄዱ፤ የቀረውን ሰዓትም ከደሞዛችን አልቆረጡም። «ኪስ ውስጥ ያደረ ገንዘብ ገበያ ይናፍቃል» ይሉ ነበር። የዩኒፎርም ሥራ በሚበዛበት ወቅት ተጨማሪ ሲከፍሉን ደግሞ «የመስከረም ገንዘብ የየካቲትም ነው» ሳይሉ አያልፉም። ሰልችቶን እንጠቃቀስ ነበር። ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ሲጠፋ ነው የገባን። ያን ክፉ ጊዜ ከዚያው ካስቀመጥነው ቀምሰን አለፍን። ኋላም ከተረፈኝ ላይ እየጨመርኩ አንድ ያገለገለ የስፌት መኪና ገዛሁ። ጊንጪ ሱቅ ስከፍት ሊመርቁ መጥተው፣ ገና ከደጅ፣ መኪናውን ሳያዩ «የምሳ ቦርሳው ማን ጋ ነው?» አሉ። የያዘችውን ልጅ አሳየኋቸው።

ያረፉበት ሳምንት የእሳቸው ተራ ነበር። አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ቤቱ ጎረቤት ባመጣው ምግብ ሞልቶ ሳለ፣ ወይዘሮ ዘይነባ ከጋሼ ኮት ኪስ ያገኙትን ቦርሳ ለገመቹ ሰጡት። «ተራው የእሱ ነበር። ሳምንቱ አላለቀም» አሉ። ሱቁን ስንከፍት ከጠረጴዛው ሥር ሰኞ የገዙት ድንች ተቀምጧል። በቦርሳዋ ውስጥ የዳቦው ገንዘብ ነበር፤ የሻዩም ነበር። ወጡን ሠርተን፣ የቆየውም አዲሱም ተማሪ፣ ከአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀመጥን።

ጋሼ፣ ቦርሳዋን ሰኞ ገመቹ ተረክቧል፤ ስለ ሱቁ አያስቡ። እኔም ጊንጪ፣ ሱቄ ውስጥ ተራዬን እይዛለሁ። ፈጣሪ ማረፊያዎን ያማረ ያድርግልዎ፤ ደህና ይሁኑ። ረቡዕ ላይ ጥለውን ሄዱ፤ አርብን ግን አልረሱብንም። ድንች ነው ብሎ ያጉረመረመ አልነበረም፤ ለሁላችንም በቃ።