የወልዴ ምሳ

ልጅ ሳለሁ፣ የስካውት ስካርፍ አንገቴ ላይ ለማሰር ስል የአንድ ሰው እንጀራ ቀምቻለሁ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደ መርካቶ ተመልሼ ያየሁት ነገር ባያንገበግበኝ ኖሮ ይህን ለማንም አላወራም ነበር።

ያኔ ጭድ ተራ ጥግ ላይ ጋሼ ሰይድ የሚባሉ የወሎ ሰው ልብስ ይሰፉ ነበር። የሰፈራችንን ስካውቶች የሚመሩትም እሳቸው ነበሩ። ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከካውያቸው ሆድ የቀረውን ፍም ማንደጃ ላይ ይገለብጡና ዙሪያውን ያስቀምጡናል፤ የከሰሉ ጭስ፣ የተተኮሰው ጨርቅ ሽታ፣ በኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው የመቀሳቸው ጥላ እስካሁን አልለቀቀኝም። ተረት ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳችን በሳምንቱ የሠራነውን በጎ ሥራ እንናገራለን። ሥራው ላማረለት ልጅ ራሳቸው የሰፉትን አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ስካርፍ ያስሩለታል። ከልጆቹ መካከል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስካርፍ ያልታሰረልኝም እኔ ብቻ።

አንድ ቅዳሜ በርበሬ በረንዳ አንዲት ሴትዮ ዛላ በርበሬ በጆንያ ሸምተው ተሸካሚ ጠሩ። ወልዴ የሚባለው ኩሊ መጥቶ፣ ድሪቶውን ትከሻው ላይ አጥፎ በርከክ አለ። እኔ ዘልዬ ገባሁ።

«እትዬ፣ እኛ በነፃ እናደርስልዎታለን!»

የሴትዮዋ ፊት በራ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጆንያውን እየጎተትን ወደ አብነት ስናመራ ወልዴ ከኋላችን ጮኸ።

«ቀስ በሉ፣ ምሳዬ እንዳይደፋ!»

ቀልድ መስሎን ሳቅን።

ማታ ይህንኑ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ጋሼ ሰይድ ፍሙን ቆሰቆሱና «ወልዴስ ምን በላ?» አሉኝ። ያኔ፣ ከጎረቤቱ ጎተራ እየሰፈረ ይመጸውት ስለነበረ ሰው አወሩን፤ ሰውዬው ደጁ ላይ ቆሞ ምርቃቱን ቢጠብቅ ቢጠብቅ፣ ምርቃቱ መንገዱን ያውቅ ኖሮ ሄዶ የጎረቤቱን በር አንኳኳ። ተረቱ እንዳለቀ የራሳቸውን ስካርፍ ከአንገታቸው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። እጄን ይዘውም ወልዴ ወደሚያድርበት በረንዳ ወሰዱኝ።

«ወልዴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። «ሸክሙን እንጂ ተሸካሚውን እንዲያዩ አላስተማርኳቸውም።»

«ይተዉት ጋሼ፣ ልጆች ናቸው» አለ ወልዴ። «የዚችን ትከሻ ግን አይተውታል? ጡረታ ልታስወጣኝ ነው!»

ትልቅ ሰው ኩሊን ይቅርታ ሲጠይቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር። ስካርፉን ግን አልሰጡኝም፤ በንዴት አለቀስኩ። ክረምት ሲገባ ተሸካሚዎቹ ከነሸክማቸው የሚወድቁበትን ቁልቁለት አየሁና፣ ጭድ ተራ የወዳደቀውን ጭድ በዘንቢል እየለቀምኩ ጠዋት ጠዋት ጭቃው ላይ አነጠፍኩ። ለማንም አልተናገርኩም። አንድ ቅዳሜ ወልዴ ራሱ ፍሙ ዳር መጥቶ መሰከረልኝ፤ ጋሼ ሰይድም ስካርፉን አሰሩልኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ መርካቶ ተመልሼ፣ አብነት ላይ አዳዲስ ስካርፍ ያሰሩ ልጆች አይቼ ልቤ ዘለለ። ከዚያ ካሜራውን አየሁ። «መልካም ዜጋ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ባዶ ካርቶን ተሸክመው ይመላለሳሉ። እውነተኛ ጆንያ ተሸክሞ በመካከል ሊያልፍ የነበረን ሰው የቀረጻው አስተባባሪ በክንዱ ገፈተረው።

«ዞር በል፣ ቀረጻውን አበላሸኸው!»

«ምን መሆንህ ነው አንተ?» አልኩት።

«እማማ፣ ልጆቹ ዜግነት እየተማሩ ነው።»

«ከማን?»

ጀርባውን ሰጥቶኝ ልጆቹን እንደገና አሰለፋቸው።

ስለ ግብረ ገብና ስለ ዜግነት በየአገሩ ብዙ መጻሕፍት አገላብጫለሁ፤ አብዛኞቹ እንደዚያ ካርቶን ባዶ ናቸው፣ ለጋሼ ሰይድ ጥያቄ የሚመጥን አንድም አላገኘሁም። ልጆችን ቃል ማስሸምደድ ማንም ይችላል። ስካርፍም ቢሆን መርካቶ ሞልቷል። የጠፋው፣ በልጆች ፊት ስካርፉን ፈትቶ ኪሱ የሚከት ሰው ነው።

ተሸካሚው ቀረጻው እስኪያልቅ ከነጆንያው ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ። ከልጆቹ አንዷ ካርቶኗን እንዳቀፈች ዞር ብላ አየችው፤ ሲጠሯትም ቶሎ አልሄደችም። ማታ ቤቷ ስትገባ ምን እንዳየች የሚጠይቃት ሰው ይኖር ይሆን?