ይምር ስታዲየም የገባ ዕለት

ኦቾሎኒ ሲቆላ የሚወጣው ሽታ ለሌላው ሰው የሚጥም ነገር ነው። እኔ ግን በገበያ መሀል ሳልፍ ድንገት ከአንዱ ጥግ ሲመጣብኝ ቆሜ እቀራለሁ፤ እጄም ሳላስበው ወደ ጎኔ ተዘርግቶ የትንሽ ልጅ እጅ ይፈልጋል። ከዚያ የላሊበላው ቤታችን፣ እናቴ፣ አባቴና ታናሽ ወንድሜ ይምር ተከታትለው ይመጣሉ።

ቤታችን ከከተማው በላይ ዳገቱ ላይ፣ አባቴ ድንጋዩን ራሱ ጠርቦ የሠራት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። አባቴ ግንበኛ ነበር። በወጣትነቱ ለከተማችን የእግር ኳስ ቡድን በግራ ክንፍ ይጫወት ስለነበር፣ ጉልበቱን ተጎድቶ ካቆመ በኋላም እሁድ እሁድ ከሜዳው ዳር አይጠፋም፤ ይምር መራመድ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ትከሻው ላይ አስቀምጦት ይሄድ ነበር። እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለጎረቤት ትሸጣለች። ብዙ የማትናገር፣ ዓይኗ ግን ከሁሉም ላይ የማይነሳ ሴት ነበረች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የገና ሰሞን ነው። በዓሉ ሲደርስ ከተማችን በእንግዳ ይሞላል፤ ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ሰዎች እኛም ግቢ ውስጥ ያርፉ ነበር። ከመካከላቸው አንዲት እናት ከስንቃቸው ኦቾሎኒ ዘግነው ለእኔና ለይምር ሰጡን። እኔ የድርሻዬን ሳልጨርስ የእሱ ከንፈር ንብ የነደፈው ይመስል አበጠ፤ አንገቱና ሆዱ ላይ ሽፍታ ወጣበት፤ ሲተነፍስም ደረቱ ያፏጭ ጀመር። አንዱ ምች ነው ሲል ሌላው የሰው ዓይን ነው አለ። የነፍስ አባታችን ጠበል ይዘው መጡ፣ እናቴ አቅፋው ስታለቅስ ዋለች፣ ወደ ማታ ግን እብጠቱ እየጎደለ ሄደና ልጁ ዳቦ ጠየቀ። ሁላችንም አለፈ ብለን ረሳነው።

በዚያው ዓመት በሁዳዴ፣ ጎረቤታችን ኦቾሎኒ ፈጭተው የሠሩትን ወጥ ቢልኩልን ይምር ሁለት ጉርሻ ሳይጎርስ ያው ነገር ተመለሰበት፤ ይህኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር። አባቴ ተሸክሞት ጤና ጣቢያ ሮጠ። የጤና መኮንኑ መርፌ ወግቶ ካረጋጋው በኋላ እናቴን አስቀምጦ፣ ይህ አለርጂ የሚባል ነገር እንደሆነ፣ የልጁ ሰውነት ኦቾሎኒን እንደ ጠላት እንደሚያየው፣ በየጊዜው እየከፋ ሊሄድ እንደሚችልና ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ አለመቅመስ እንደሆነ በዝግታ ነገራት። እናቴ ቃሉን ቤት እስክንደርስ በአፏ እያመላለሰች ተማረችው።

ከዚያ ወዲህ የይምር ሳህንና ማንኪያ ለብቻው ሆነ። ሰርግ ስንጠራ የይምር ምግብ በድስት ተቋጥሮ አብሮን ይሄዳል፤ ሰዎች እናቴን ሲታዘቧት እንዳልሰማች ታልፋለች። ከሁሉ በላይ ግን መጠየቅን አስተማረችው። ጠዋት ጠዋት ከቤት ሲወጣ የሹራቡን ቁልፍ እየቆለፈች «ሰው ምግብ ሲሰጥህ ምን ትላለህ?» ትለዋለች፣ እሱም «ኦቾሎኒ አለበት?» ብሎ ይመልስላታል። ዳቦ ሲሰጡት ይጠይቃል፤ ከረሜላ ሲሰጡት ይጠይቃል፤ አንድ ቀን ቄሱ ጠበል ሊያጠጡት ቢሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት ያንኑ ጠይቋቸው፣ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው «የለበትም ልጄ፣ ውሃ ብቻ ነው» እንዳሉት አስታውሳለሁ። በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ደህና ኖርን።

ይምር ሁለተኛ ክፍል በነበረበት ክረምት የከተማችን ቡድን ሁሉንም አሸንፎ፣ ጥቅምት ላይ ደሴ ስታዲየም ሄዶ እንደሚጫወት ተሰማ። ዝናቡ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ተዘግተን ስንውል አባቴ ስለ ስታዲየም ይነግረን ነበር፤ ሣሩ እንዴት እንደሚታጨድ፣ ደረጃው እንዴት እስከ ላይ እንደሚወጣ፣ ጎል ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ አፍ እንዴት እንደሚጮህ። ይምር ከጨርቅ በሠራው ኳስ ከግድግዳው ጋር እየተጫወተ ይሰማና «አባ፣ እኔንስ ትወስደኛለህ?» ይለዋል። አባቴ ወደ እናቴ ያያል፣ እናቴ ወደ ድስቷ ታያለች።

እምቢ ያለችው ክረምቱን በሙሉ ነው። በመጨረሻ አባቴ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ፣ ይህ ልጅ እስከ መቼ ከሰው ተለይቶ ይኖራል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲሄድ እሱ ለምን ይቀራል አላት።

«ስታዲየም ሰው ሁሉ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ የሚቀመጥበት ቦታ ነው» አለችው። «አንተው ነህ የነገርከኝ።»

«እጁን አልለቅም» አላት። «ከቤት አውጥቼው መልሼ እስካስገባው ድረስ እጁን አልለቅም።»

በማግሥቱ እናቴ ዳቦ ቆሎ ጠብሳ፣ በሶ ፈጭታ፣ እንቁላል ቀቅላ በአዲስ ፌስታል ስትቋጥርለት አየኋት። ይምር ያን ፌስታል ሲያይ ከደስታው ብዛት አልጨፈረም፤ ሄዶ እግሯን አቀፈ።

የሄድነው ከተጫዋቾቹ ጋር፣ ቡድኑ በተከራየው አውቶብስ ነበር፤ እናቴ ቤት ቀረች። በኮንና በወገል ጤና በኩል ስናልፍ ማሳው ሁሉ ቢጫ ነበር። ገደሉን ስንወርድ ተጫዋቾቹ ሲዘፍኑ ይምር ግንባሩን ከመስኮቱ ለጥፎ፣ ያየውን ሁሉ ለእናታችን ሲነግራት አንዱን እንዳይረሳ እንዳስታውሰው አደራ ይለኝ ነበር። ኮን ላይ ለሻይ ስንወርድ እንኳን አስተናጋጇን ጠይቆ ነው የጠጣው። ተጫዋቾቹ ሳቁበት፣ እሱ ግን አላፈረም።

ስታዲየሙ ስንገባ እውነትም እናቴ እንዳለችው ነበር። ሻጮቹ በወረቀት የተጠቀለለ ኦቾሎኒ በሣጥን ይዘው በመካከላችን ይወጣሉ ይወርዳሉ፣ ልጣጩ ደረጃው ላይ ተነጥፏል። አባቴ የምንቀመጥበትን ስሚንቶ በእጁ ጠርጎ ጃኬቱን አነጠፈልን፤ ከፊታችንና ከጎናችን ላሉት ሰዎችም የልጁን ነገር አስረዳቸው። ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ የያዙትን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። አባቴ በመካከል፣ እኔ በግራው፣ ይምር በቀኙ ተቀመጥን። የይምርን እጅ እንደያዘ ነበር።

ቡድናችን ማሊያውን ለብሶ ሲገባ ይምር ያየበትን ፊት ዛሬም አልረሳውም። አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን ሣሩ ላይ ተክሎ፣ አንዴ ብቻ ወደ አባቴ ዞሮ «አባ፣ አንተም እዚህ ተጫውተሃል?» አለው። አባቴ እዚያ አልተጫወተም ነበር፤ ራሱን ግን በአዎንታ ነቀነቀ።

በእረፍት ሰዓት ከይምር ጎን የነበሩት ሰዎች ውሃ ሊገዙ ተነሥተው ሄዱና አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ቦታውን ክፍት አግኝተው ተቀመጡ። በዚያው ጊዜ ከአባቴ ጋር ድሮ አብሮ የተጫወተ ሰው ከኋላችን ደርሶ ሰላም አለው፤ አባቴ የይምርን እጅ ሳይለቅ አንገቱን ብቻ አዙሮ ያወራው ጀመር። እኔም ወሬያቸውን ነበር የማዳምጠው።

ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ በኋላ ይምርን ሳል ያዘው። ቀጥሎ አንገቱን ማከክ ጀመረ። «አባ፣ ጉሮሮዬ» ሲል ድምፁ የሱ አልነበረም። አባቴ ፊቱን እንዳየ ከመቀመጫው አፈፍ ብሎ ተነሣ። በዚያች ቅጽበት ቡድናችን ጎል አገባ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተቃቀፈ፣ መሄጃ ጠፋ። አባቴ ልጁን በሁለት እጁ ከሰው ራስ በላይ ከፍ አድርጎ «አሳልፉኝ! አሳልፉኝ!» እያለ ደረጃውን ይወርድ ጀመር፤ ድምፁን ግን የሰማው የለም። ልጁን ከፍ አድርጎ ሲያዩት በጎሉ ተደስቶ መሰላቸው። አጨበጨቡለት፤ ጀርባውን መቱት፤ አንዱ የይምርን እግር ይዞ እያወዛወዘ ዘፈነ። እኔ የአባቴን ሸሚዝ ጫፍ ይዤ እያለቀስኩ እከተላለሁ፤ የእኔንም ለቅሶ የደስታ ብለውት ይሆናል።

በር ላይ ባጃጅ አገኘን። ሐኪም ቤት ስንደርስ ነጭ የለበሱት ሰዎች ከእጁ ተቀብለውት ሮጡ፤ የሚቻለውን ሁሉ አድርገውለታል። ወጥተው ሲነግሩን አባቴ ቃሉን የሰማ አልመሰለኝም። ይምር ኦቾሎኒ እንዳልበላ፣ ከእናቱ ስንቅ ሌላ እንዳልቀመሰ፣ እጁን እንዳልለቀቀ ደጋግሞ ያስረዳቸው ነበር።

ቡድናችን አሸንፏል። በማግሥቱ ይምርን ይዘን በዚያው አውቶብስ ስንመለስ ተጫዋቾቹ ዋንጫውን በሹራብ ጠቅልለው ከወንበር ሥር ደብቀውት አየሁ። ከገደሉ ጀምሮ እስከ ከተማችን ድረስ ሹፌሩ ጥሩምባ አልነፋም። እናቴ መንገድ ላይ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከጎረቤቶቿ ፊት፣ ብቻዋን።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ አባቴን አላናገረችውም። እጁን ታስታጥበዋለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ቃል ግን የለም። እሱም አልጠየቃት። ሥራ ትቶ ውጭ ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይውል ነበር። ለመሆኑ ልጁ ምን በላ? አንዱ ልጣጩን ነክቶ ነው ሲል ሌላው ሽታው ነው ይላል። እናቴ ግን የምታስበው ሌላ ነበር፤ አንድ ጊዜ ለብቻችን ሆነን ይምር በጨዋታው ተወስዶ መጠየቁን ረስቶ ይሆናል፣ በደንብ አላስተማርኩትም ብላ አንገቷን ደፋች።

ለአርባው ተዝካር ሰው ተሰብስቦ ሳለ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ በራችን ላይ ቆሙ። ወዲያው አወቅኋቸው። ሰይድ እባላለሁ አሉ። ከደሴ ጀምሮ ቤቱን እየጠየቁ ነው የመጡት። እናቴ አስገብታ አስቀመጠቻቸው።

«ከልጁ ጎን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር የተቀላቀለ ይዤ ነበር። ጥርሴ ገብሱን ስለማይችል ኦቾሎኒውን እየለቀምኩ በልቼው፣ ገብሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ልጁ ሲያየኝ ዘረጋሁለት። ኦቾሎኒ አለበት ወይ አለኝ። አምሮት መስሎኝ፣ የለም ልጄ፣ አልቋል፣ ሻጩ ሲመጣ እገዛልሃለሁ አልኩት። እሺ አባባ ብሎ ተቀበለኝ። በኋላ ኦቾሎኒ የገደለው የላሊበላ ልጅ ሲባል በከተማው ስሰማ፣ ያ ልጅ ለምን እንደጠየቀኝ ያን ጊዜ ገባኝ።»

«ጠይቆዎታል?» አለቻቸው እናቴ።

«ጠይቆኛል ልጄ። አላህ ያውቃል፣ ጠይቆኛል።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች፤ እስከዚያ ቀን ከሰማሁት ለቅሶዋ ሁሉ የተለየ፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ ነበር። ሽማግሌውም አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ተነሥታ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ ቀድታ ሰጠቻቸውና ወደ ውጭ ወጣች። ተከተልኳት። አባቴ ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር።

«ልጄ ጠይቋል» አለችው። «አንተም እጁን ይዘሃል። ግባና እንግዳችንን አጫውት።»

አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ እንዲነሣ እጇን ሰጠችው።

ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ በየጊዜው እየደወሉ እናቴን ይጠይቋት ነበር። አባቴ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ወደ ሜዳው ግን አልተመለሰም። የሰፈር ልጆች ኳስ እግሩ ሥር ብትመጣ እንኳን ጎንበስ ብሎ በእጁ ያነሣና ይሰጣቸዋል እንጂ አይመታትም።

እኔ ዛሬ እዚያው ላሊበላ አስተማሪ ነኝ። ያኔ እናቴ ብቻዋን በአፏ እያመላለሰች የተማረችውን ቃል አሁን ወላጆች ልጅ ሲያስመዘግቡ ራሳቸው ይነግሩኛል፤ አንዱን እንቁላል፣ ሌላውን ሰሊጥ አይስማማውም ይሉኛል፤ ጎረቤትም አይታዘባቸውም። የይምር እኩዮች አድገው ጎረምሶች ሆነዋል፤ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከሰላምታው በፊት ትከሻቸውን አያለሁ፣ እስከየት ይደርስ እንደነበር ለማወቅ። ያኔ በአራት ዓመት ነበር የምበልጠው። አሁን በስንት እንደምበልጠው መቁጠር ትቻለሁ።